ሊን ወደ ቢሯችን ሲገባ የተቀየረው የእኔ ሥራ ነው

ማመልከቻ የሚመረምር ቡድን እመራለሁ። ድሮ ሥራዬ ፋይል ማከፋፈል፣ ያለቀውን አይቶ መፈረምና ሪፖርት መጻፍ ነበር። ሊንን፣ ማለትም ብክነትን ከሥራ ላይ እየቀነሱ የመሄድ አሠራርን፣ ስንጀምር ከማንም በላይ የተቀየረው የእኔ የቡድን መሪው ውሎ ነው።

አሠራሩ የመጣው ከቶዮታ ነው። እዚያ ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው ይደርሳል፤ ቶሎ ካልተፈታ የማምረቻ መስመሩ ይቆማል። ቢሮ ውስጥ የሚሳብ ገመድ የለም። ችግሩም ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ይከርማል እንጂ አይታይም።

ስለዚህ አንድ ፋይል ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከተልኩት። ሰው የሚሠራበት ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ መረጃ ይጠብቃል፣ ፊርማ ይጠብቃል። የቶዮታው መሐንዲስ ታይኢቺ ኦኖ ከዘረዘሯቸው 7 የብክነት ዓይነቶች አንዱ ይሄው መጠበቅ ነው። ቀላል ፋይሎች ያለ እኔ ፊርማ እንዲወጡ አደረግን። ቀላሉን ከከባዱ የሚለዩትን ነጥቦች የጻፉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ጠዋት ጠዋት ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ሰሌዳ ፊት ቆመን ለአጭር ጊዜ እንነጋገራለን። ትናንት ምን ቆመ? ለምን? አንድ ቀን አንዷ ባልደረባችን «አድራሻ ያልተሞላበት ፋይል በዛብኝ» አለች። ለምን? ሰዎች አይሞሉትም። ለምን አይሞሉትም? ጥያቄው ከቅጹ ጀርባ ነው። ለምን አያገላብጡም? ገልብጡ የሚል ነገር የለም! ቅጹ ግን የሌላ ክፍል ነው፤ እሷ ልታስቀይረው አትችልም። ይዞ መሄድ የእኔ ድርሻ ሆነ። አዲሱ ሥራ በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነውን ተሸክሞ ወደ ላይ መውጣት።

መልስ ምላስህ ላይ እያለ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎ መጠየቅም ልምምድ ይፈልጋል። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ግን መልሱን መንገር ነው፤ ማስተማሩ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ላይ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ፦ ሰሌዳው ላይ የሰው ስም ከቁጥር ጋር እንዳይጻፍ። ከተጻፈ ሁሉም ቀላል ቀላሉን ፋይል ይመርጣል፣ ከባዱን ይደብቃል። ችግር የተናገረ ሰው ከተገመገመበት ደግሞ ነገ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ሌላው ሪፖርቱ ነው። አሮጌው ሥራ ሳይነሳ አዲሱ ከተጨመረ የቡድን መሪ ፋታ አያገኝም። ሳምንታዊው ሪፖርት የቀረልን ኃላፊያችን ራሳቸው ሰሌዳው ድረስ መምጣት ሲጀምሩ ነው። የቅጹንም ጉዳይ ከዚያኛው ክፍል ጋር የጨረሱልን እሳቸው ናቸው።