የስፔን ወርቅ ፍለጋ፦ ከፕላዛ ማዮር እስከ ሴጎቪያ

ማድሪድ ውስጥ እንቅልፍ የለም። ያረፍኩበት ክፍል መስኮቱ ወደ መጠጥ ቤቶች ነበር፤ እስኪነጋ ሲዘፈን አደረ። እሑድ ጠዋት ግን በጊዜ ፕላዛ ማዮር ደረስኩ። በየእሑዱ በአደባባዩ ዙሪያ፣ ቅስቶቹ ሥር፣ የሳንቲምና የቴምብር ገበያ ይቆማል። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ዓይኔ አንዲት የወርቅ ግማሽ ኤስኩዶ ላይ አረፈ፤ ኤስኩዶ የድሮ የስፔን ሳንቲም ነው። የስፔኑ ንጉሥ የፈርናንዶ 6ኛ፣ እ.ኤ.አ. 1756። ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፤ 2 ግራም እንኳ አትሞላም። ሻጩ 420 ዩሮ አለኝ። መርካቶ ቢሆን ግማሹን ጠርቼ እጀምር ነበር፣ እሱም ይስቅ ነበር። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ያየኛል። ዝምታው አናደደኝ።

አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ማጉያ መነጽራቸውን አቀበሉኝ። «ጠርዟን እይ፣ ልጄ።» ከንጉሡ ራስ በላይ ትንሽ የተሞረደ ቦታ አለ፤ ቀለሙም ፈዘዝ ብሏል። አንድ ዘመን ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባት አንገት ላይ ውላለች። ለሰብሳቢ ዋጋዋ በብዙ ይወርዳል። ሻጩ ይህን ትንፍሽ አላለም። ትቻት ሄድኩ።

አዛውንቱ ቡና ጋብዘው ብዙ አስተማሩኝ። ቀድሞ የስፔን ወርቅ 22 ካራት ነበር። ንጉሥ ካርሎስ 3ኛ በ1772 ከዚያም በ1786 በስውር አስቀነሰው። ክብደቱ ያው፣ ውስጡ ግን 21 ካራት። ስለዚህ ዓመቱን ሳያነቡ መግዛት የለም።

ከዚያ ሴጎቪያ። ፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ኤሬስማ ወንዝ ዳር ፌሊፔ 2ኛ በ1583 ያስጀመረው የገንዘብ ማምረቻ አለ። ማሽኑ የመጣው ከኦስትሪያ፣ ከቲሮል ግዛት፣ ሃል ከምትባል ከተማ ነው። ሌሎቹ ማምረቻዎች ወርቁን እየቆረጡ በመዶሻ ሲመቱ፣ እዚህ የውሃ መንኮራኩር ቅርጽ የተቀረጸባቸውን ጥቅልሎች እያሽከረከረ ያትም ነበር። የመዶሻው ሳንቲም ዙሪያው ወጣ ገባ ስለሆነ ጫፉን ሸርፎ ወርቅ መስረቅ ቀላል ነው። የሴጎቪያው ክብ ነው፤ ቢሸረፍ ያስታውቃል። ይህ ብልሃት ከወርቁ ይልቅ ልቤን ወሰደው። ሳንቲሞቹ ላይ የሚታተመው የማምረቻው ምልክትም የከተማዋ የሮማውያን የውሃ ድልድይ ነው።

የ1609ኙ ባለ 100 ኤስኩዶ የወጣው ከዚሁ ነው። አንድ ሳንቲም፣ 339 ግራም ገደማ! እ.ኤ.አ. በ2021 ጄኔቫ ላይ 2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል።

ቀጣዩ መንገዴ የስፔን የወደብ ከተማ ካርታኼና ነው። በ1804 ከእንግሊዞች ጋር በተደረገ ውጊያ ፈንድታ የሰመጠችው፣ መርሴዴስ የተባለች የስፔን መርከብ ሳንቲሞች እዚያ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። አንድ የአሜሪካ ድርጅት ከባሕር አውጥቶ ወስዷቸው ነበር፤ ስፔን ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2012 አስመለሰቻቸው። አብዛኛው ብር ነው፣ ወርቁ ጥቂት። ለእኔ ጥቂቱም ይበቃል።