ከኮሮላዬ ሞተር የሚፈሰውን ዘይት ግቢዬ ውስጥ እንዴት እንዳቆምኩት

ጠዋት መኪናዋን ከግቢ ሳወጣ ሲሚንቶው ላይ መዳፍ የምታክል ጥቁር ጠብታ ትቀራለች። መጀመሪያ በቸልታ አለፍኳት። በኋላ ግን ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ እየገባ ልጆቼን ያስላቸው ጀመር። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ደግሞ ከታችኛው ምልክት ወርዷል። መኪናዋ ከአባቴ የቀረችልኝ የ1994 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትሩ ነው። ሙሉ ዘይቷ 3 ሊትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። ከሥር ገብተው አዩና ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ስለሚንጠባጠብ «የኋላው ፓራውሊዮ ነው፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት» አሉኝ። ፓራውሊዮ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ የወር ደሞዜን ያክላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እንደ እኔ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን አጥብቆ ከመያዝ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

ከቤታችን ጎን የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሞተሩን ከላይ አጥበሽ አይተሻል?»

«ኧረ አላጠብኩም ጋሼ።»

«እንግዲያው ገና ምንም አላየሽም። ዘይት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እነሱ ያሳዩሽ ያረፈበትን ነው።»

ቅዳሜ ሞተሩ በደንብ እንደቀዘቀዘ ባትሪውንና ዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) በፌስታል ሸፈንኩ። በነጭ ጋዝና በብሩሽ፣ ቀጥሎም በኦሞ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያን ሁሉ ዓመት የተጋገረ ቆሻሻ ሳነሳ ግማሽ ቀን ሄደ። ሲደርቅ የልጄን ፓውደር ከቺንጋዎቹ (ከሞተሩ ቀበቶዎች) አርቄ በቫልቭ ክዳኑ፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክዳን ዙሪያና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ነሰነስኩና ሰፈሩን ለ15 ደቂቃ በመኪናዋ ዞሬ መጣሁ። ኮፈኑን ስከፍት ልቤ ደነገጠ። ነጩ ፓውደር ላይ ከክዳኑ ግራ ጥግ የተነሳ ቢጫ መስመር እንደ ክር ቀጥ ብሎ በዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ወርዶ ካምቢዮው ላይ አርፏል። ሌላ ቀጭን መስመር ደግሞ ከፊት በኩል የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይወርዳል፤ ልጆቼን ያሳላቸው ሽታ ከዚያ ነበር። ሊወርድ የነበረው ካምቢዮ ምንም በደል አልነበረበትም!

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ የቫልቭ ክዳን ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳያልፍ የሚገባው ጎማ ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ «የኮሮላ» ስል ሻጩ «የ2ኢ ነው የ4ኤ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሞተሩን ዓይነት በእርግጠኝነት ሳላውቅ ነበር የሄድኩት። በግምት የገዛሁት ክዳኑ ላይ ሳስቀምጠው በጣት ስፋት አጠረ፤ በማግስቱ አሮጌውን ይዤ ተመለስኩ። ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ የፈታችሁትን ይዛችሁ ሂዱ።

አፈታቱ ከፈራሁት ቀሎ ነበር። የካንዴላ ገመዶቹን በፕላስተር ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጠኋቸው። የአራተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ዘይት ቋጥሮ አገኘሁት፤ ካንዴላውን ከመፍታቴ በፊት በስሪንጅ መጥጬ በጨርቅ አደረቅሁት፣ አለዚያ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ክዳኑን የያዙት ሦስት ዳዶዎች ናቸው። ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ሲለኝ ካቻቢቴ አንስቼ ነበር፤ ጋሼ እጄን ያዙኝ፤ «አሉሚኒየም ነው፤ ከጫርሽው ዕድሜ ልኩን ያፈሳል።» ጎኑን በመዳፌ ደጋግሜ መታ መታ ሳደርገው ተላቀቀ። አሮጌው ጎማ ደርቆ በጣቴ ስጫነው እንደ ብስኩት ተሰበረ። ቦዩን በእንጨት ስንጥር ጠርጌ፣ የካንዴላ ጉድጓዶቹን ጎማዎች አብሬ ቀየርኩ። ሲሊኮን የቀባሁት የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ጋር በሚገናኝባቸው ጥጎች ላይ ብቻ፣ ያውም የምስር ፍሬ ያህል ነው። የበዛው ወደ ውስጥ ተቆርሶ ገብቶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ከሁሉ የከበደኝ ማጥበቁ ነው። የሚፈልገው ኃይል 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ትንሽ። ከእኔ በፊት የነካት ሰው ፍሳሹን በማጥበቅ ሊያስቆም የሞከረ ይመስለኛል፤ አሮጌው ጎማ በዳዶዎቹ አጠገብ ተጨፍልቆ፣ ጥጎቹ ላይ ግን ሳይነካ ቀርቷል። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ስላልነበረኝ ጋሼ ቁልፉን ጫፉን ሳይሆን አንገቱን በሁለት ጣት አስያዙኝ። ከመሀል ጀምሬ፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሹ፣ እምቢ እስኪል ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይረሳዋልና። ክዳኑ ላይ ፒሲቪ የሚባል ትንሽ ቫልቭ አለ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣው እሱ ነው፤ ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን በጋርኒሲዮኑ በኩል ይገፋዋል። ነቅዬ ሳወዛውዘው መንኳኳት ሲገባው ዝም አለ። ሳልቀይረው ብተወው ኖሮ አዲሱም ጎማ ብዙ አይቆይም ነበር።

ማታ ከሥሯ ካርቶን ዘረጋሁ። ጠዋት ሁለት ጠብታ! ማልቀስ አማረኝ። እንደገና ፓውደር ነሰነስኩ፤ አሁን መስመሩ ከዲስትሪቢውተሩ ሥር ተነሳ። እዚያ ያለችው ክብ ጎማ ጠፍጣፋ ሆና ነበር። ዲስትሪቢውተሩ ትንሽ ከዞረ የእሳቱ ሰዓት ስለሚዛባ፣ ከመንቀሌ በፊት እሱና ቴስታታው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። አዲሷን ጎማ ዘይት ቀብቼ ስመልሰው መስመሩ ገጠመ፣ መኪናዋም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።

ካርቶኑ አራት ሌሊት ደረቅ አደረ። ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ገልብጠው ሁለቱንም ፊት አዩና «አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ዳዶዎቹ ላልተው እንደሆነ በጣትሽ ነክተሽ እይ» አሉኝ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር የጋርኒሲዮኑ ማሸጊያ ላይ ጽፌ መኪናዋ ኪስ ውስጥ አኑሬዋለሁ።