ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬታችሁን አስፈትሹ

ላፕቶፓችሁ ቻርጅ ላይ እያለ የብረት አካሉን ስትነኩት ነዘር ያደርጋችኋል? እንግዲያው ይህን ሳታነቡ የቀረጻ እቃ አትግዙ። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ምንም ያልሆነ ኢንተርፌስ (ማይክን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) በኪሳራ ሸጥኩ። የአክስቴን ድምፅም አበላሸሁ። ይሄኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስቱዲዮዬ የምተኛበት ክፍል ነው። የእቃው ግዢ ቀላል ነበር። ላፕቶፕ ነበረኝ። ያገለገለ ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ፣ ኮንደንሰር ማይክ (ትንሹን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ዓይነት)፣ የጆሮ ማዳመጫና የማይክ ማቆሚያ ገዛሁ። ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ሶፍትዌር ጫንኩ። በአንድ ቅዳሜ አለቀ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ክራር ልቀርጽ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን አድርጌ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ከፈት አደረግኩ። ከክራሩ በፊት ሌላ ድምፅ መጣ። ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት ያለ፣ ወፍራም፣ የማይቋረጥ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መንገዱን ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እኛው ጋ ነው፤ ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። መኪና ግን መጥቶ ያልፋል። ይሄ አያልፍም።

ኬብል ቀየርኩ፤ አልጠፋም። ኢንተርፌሱንና ላፕቶፑን ይዤ በሁለት ታክሲ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰካነው። ጸጥ! ‹‹ወንድሜ፣ እቃው ንጹህ ነው›› አለኝ። እውነቱን ነበር። እዚያ ስንሞክረው ላፕቶፑ በባትሪ ነበር የሚሰራው። ቤት ተመልሼ ቻርጀሩን ስሰካ ወፍጮው ተመልሶ መጣ። መልሱ ፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ አላየሁትም። ‹‹ውስጡ የላላ ነገር አለ፣ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ አይሰራም›› ብዬ ደመደምኩ። ከገዛሁበት 6 ሺህ ብር አጉድዬ ሸጥኩትና አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ያው ሆነ።

በዚህ መሃል አክስቴ ለዓይን ህክምና ከመንዝ መጣች። አክስቴ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ግጥሙን ከማንም አልተማረችውም፣ እዚያው እየፈተለች የምታወጣው ነው። አንድ ማታ ማይኩን አጠገቧ አቆምኩት። ትንፋሽ ወስዳ ስንኙን ስትጀምር፣ ክሩ ሲረዝም ዝም ስትል፣ እንዝርቷ ሲሽከረከር ሁሉ ይሰማል። 40 ደቂቃ ቀረጽኩ። ኖይዙን ‹‹በኋላ አጠፋዋለሁ›› አልኩ።

አይጠፋም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኖይዙ ግን 50 ላይ ብቻ አይቆምም። 100፣ 150፣ 200፣ 250 እያለ ወደ ላይ ይደረደራል። 50ውን በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በሚቀንስ መሣሪያ) ቆርጦ መጣል ቀላል ነው። 200 እና 250 አካባቢ ግን የሴት ድምፅ መሠረት ያለበት ነው። ኖይዙን ስትቆርጡ ሰውዬዋንም ትቆርጣላችሁ። ደጋግሜ ሞከርኩ። አክስቴ በርሜል ውስጥ ሆና የምታንጎራጉር መሰለች። ተውኩት።

ፍንጩ የመጣው ከእንጀራ ነው። ጎረቤቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግር እግሯ ሥር ሳንቃ እንደምታደርግ አየሁ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ‹‹ይነዝራላ! እዚህ ሕንጻ ላይ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው›› አለችኝ። ያን ጊዜ የላፕቶፔ ብረት ትዝ አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ሲነዝረኝ እንደ ተራ ነገር ለምጄው ነበር።

ሳሪስ የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሻን አመጣሁ። ጋሼ ብዙ አላወሩም። መብራቱን አጥፍተው ሶኬቱን ፈቱት። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ ኧርዙ (ፍሳሽ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው)፣ በቦታው አለ። መልሰው አብርተው ከላፕቶፑ ብረት እስከ ኒውትራሉ (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) ለኩ፤ ሜትሩ 108 ቮልት አለ። ‹‹ኧርዝህ የትም አይደርስም›› አሉኝ። የቻርጀሩ ማጣሪያ ትንሽ ፍሳሽ ወደ ኧርዝ ይልካል። ኧርዝ ከሌለ ያ ፍሳሽ መሄጃ ያጣና የላፕቶፑ አካል ላይ ይቀመጣል፤ ከ220ው ግማሽ ያህል ቮልት ይሆናል። የፍሳሹ መጠን ትንሽ ነው፣ ጣት ነዘር ያደርጋል። ማይክ ግን ከጣት በላይ ይሰማል።

ሽቦው የት እንደተቋረጠ ለማየት ምድር ቤት ያለው የሕንጻው ቦክስ መከፈት ነበረበት። ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። የመጀመሪያው ‹‹ስብሰባ ላይ አንሳው›› አለ። ሁለተኛው ማመልከቻ ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ። ሦስተኛው ማመልከቻውን አንብቦ ‹‹መብራት አለህ?›› አለኝ። አለኝ አልኩ። ‹‹ታዲያ ለዘፈን ብለህ ነው ቦክስ የምታስከፍተው?›› ለዘፈን አይደለም! ሴቶቹ ሳንቃ ላይ ቆመው ነው የሚጋግሩት። ልጆች ሻወር ማሞቂያ ይነካሉ። ይህን ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፣ አላፍርበትም። ሦስት ሳምንት ከተመላለስኩ በኋላ ቦክሱን ያስከፈተችው ጎረቤቴ ናት። ሌሎች ሁለት እናቶች ይዛ ሄደች፤ በአንድ ቀን ተከፈተ።

የኧርዙ ዘንግ መሬት ውስጥ አለ። ከዘንጉ ወደ ቦክሱ የሚመጣው መዳብ ግን ተቆርጦ ተወስዷል። መቼ፣ ማን፣ የሚያውቅ የለም። ጋሼ አዲስ መዳብ አሰሩበት፣ ለክተው አረጋገጡ። ያወጣሁት ብር ኢንተርፌሱን ስሸጥ ከከሰርኩት ያንሳል። ወደ ክፍሌ ወጥቼ ማዳመጫውን አደረግኩ። ኖይዙ ግማሽ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ቻርጀሩን የሰካሁበት ዲቫይደር ኧርዝ የሌለው ተራ ነበር። ኧርዝ ያለው ገዝቼ ስቀይረው ጸጥ አለ። የጎረቤት ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁ።

ስለዚህ ማይካችሁ ኖይዝ ካለው ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። ከጠፋ እቃችሁ ደህና ነው። ‹‹ኖይዙ እንዲጠፋ የኧርዟን ጥርስ ቁረጣት›› የሚል ሰው ይገጥማችኋል። እንዳትሰሙት። ኧርዝ ሰው የሚያተርፍ መስመር ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ለድምፅ ኮንደንሰር ግዙ ይባላል። በኮንዶሚኒየም አልስማማም። ኮንደንሰር የውሻውን፣ የቅዳሴውን፣ የአዛኑን፣ የመኪናውን ሁሉ ይለቅማል። እኔ ሸጬው ሹር ኤስኤም58 ገዛሁ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ዳይናሚክ ማይክ ነው፤ በደንብ የሚይዘው ቅርቡን ድምፅ ነው። ዘፋኙን አራት ጣት ያህል አስጠጉት፣ ጌን ጨምሩለት፣ በቃ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ እሳት ይወዳል እንጂ ድምፅ አይዝም። ጋቢ አጥፋችሁ ከዘፋኙ ጀርባ ስቀሉ። ከማይኩ ጀርባ አይደለም። ማይኩ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፣ ከፊቱ ያለው ደግሞ ዘፋኙና ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው።

ስፒከር መጨረሻ ላይ ግዙ። ክፍሌ 3.4 ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት 50 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቤዝ ክፍሉ ራሱ ያጎላዋል፣ ጆሮ ይታለላል። በጥሩ ማዳመጫ ሚክስ አድርጉና ታክሲ ውስጥ አስከፍታችሁ ስሙት። አውቶቱን (የዘፋኙን ድምፅ ወደ ኖታው የሚያስተካክል ሶፍትዌር) ከተጠቀማችሁ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ኖታ ክፍት አትተዉ። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት ከሆነ የቅኝቱን አምስት ኖታ ብቻ ምረጡ። ክራሩ በጆሮ የተቃኘ ከሆነም መነሻውን ከክራሩ ጋር አስተካክሉ። አለዚያ ድምፁን ከክራሩ ያጣላዋል።

ከጥምቀት በኋላ መንዝ እሄዳለሁ። ባትሪ ሞልቼ፣ ማይኩንና አንድ ጋቢ ይዤ። ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ያን ማታ ያለችውን እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ‹‹ያንን ከየት አመጣዋለሁ ልጄ፣ ከክሩ ጋር ሄደ። ሌላ እልልሃለሁ›› አለችኝ።