33 ዓመት የፈጀው ቱቦ

ወደ ካሊፎርኒያ ማዕከላዊ የባሕር ጠረፍ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሞሮ ሮክን ሊያይ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመውን፣ ከ170 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጥንት እሳተ ገሞራ ቋጥኝ። እኔን የወሰደኝ ግን፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ የሽንት ቤት ጉዳይ ነው። ከቋጥኙ ወዲህ፣ በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳር፣ ወደ 14 ሺህ ሰው የሚኖርባት ሎስ ኦሶስ የምትባል ከተማ አለች። ይህች ከተማ ፍሳሿን የት እንደምታደርሰው ስትከራከር ከ1983 እስከ 2016 ድረስ ቆይታለች (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በመሃል የተሻሩ ተመራጮች አሉ፣ ቅጣት አለ፣ ኪሳራ አለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላትን ከተማ በእግሬ መዞር አማረኝ።

ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በስተቀኝ «ሞሮስ» የሚሏቸው ያረጁ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ተራ በተራ እስከ ባሕሩ ይሰለፋሉ፤ ሜዳው እርሻ ነው። ከተማዋ ልትጀምር ስትል መቃብር ስፍራ አለ። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ከእሱ አጠገብ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ራቅ ብሎ ተቀምጧል። መስኮቱን አውርጄ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ የታረሰ አፈር እንጂ ሌላ ነገር አልሸተተኝም። ቦታውን ልብ በሉልኝ፤ የጠቡ ግማሽ የቦታ ጠብ ነበር።

ያረፍኩት ቤይውድ በሚባለው የድሮ ሰፈር ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የሰላጤው ዳር ሰፊ ጭቃ ይሆንና ወፎች ይወርሱታል። ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ግን መሬቱን ነው። ብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አስፋልት አልለበሱም፤ ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት የአሸዋ ክምር ላይ ነው። ከአከራዬ ጓሮ ቧንቧ ከፍቼ እግሬን ስታጠብ ውሃው አንድ ስንዝር እንኳ አልሄደም፤ እዚያው ሰረገ። የከተማዋ መከራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ አሸዋ ነው።

ቤቶቹ ሲሠሩ እያንዳንዱ የራሱን ሴፕቲክ ታንክ ቀበረ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ደረቁ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይሰፍፋል፣ መሃል ያለው ፈሳሽ ቀዳዳ ባላቸው ቱቦዎች ወጥቶ ወደ አፈር ይሰርጋል። አፈሩ ብዙውን ጀርም ያስቀርለታል። ናይትሮጅኑን ግን አይችለውም፤ አየር ባለበት አሸዋ ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከውሃው ጋር ቁልቁል ይወርዳል። ሰፊ ግቢ መሃል ያለ አንድ የገጠር ቤት ቢሆን ችግር ባልሆነ። እዚህ ግን ቦታዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ቤቶቹ በሺህ ይቆጠራሉ፣ ከሥራቸው ያለው ደግሞ ራሳቸው የሚጠጡት የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የአሜሪካ ሕግ በመጠጥ ውሃ ውስጥ በናይትሮጅን ልክ ሲለካ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ናይትሬት አይፈቅድም፤ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎች ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ረባዳ በሆኑት ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ፣ በዝናብ ወራት የፍሳሽ ማስረጊያው ራሱ ውሃ ውስጥ ይሰጥም ነበር።

በ1983 የአካባቢው የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ቦርድ በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ መልቀቅን ከለከለ። በ1988 እዚያ ክልል ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት ቆመ። ነባሩ ነዋሪ ግን መታጠቡንም መጸዳዳቱንም አላቆመም፤ ቱቦም አልመጣለትም። ካውንቲው፣ ማለትም ከተማዋን የሚያስተዳድረው የአካባቢ መንግሥት፣ ያቀረበውን ፕላን ሕዝቡ «ውድ ነው» አለ። በ1998 ነዋሪዎቹ የፍሳሹን ሥራ ከካውንቲው የሚረከብ፣ ራሳቸው በሚመርጡት ቦርድ የሚመራ የአገልግሎት ዲስትሪክት አቋቋሙ፤ ተስፋ የተደረገው በተፈጥሮ ኩሬዎች የሚያጣራ፣ በዋጋም በብዙ የሚቀንስ ዘዴ ነበር። ኩሬዎቹ የሚሆኑበት ቦታ ከተማው መሃል ተመረጠ። ኋላ ላይ ኩሬው እንደማያዋጣ ታወቀና ተተወ፤ የመሃል ከተማው ቦታ ግን ሳይተው ቀረ፤ እዚያ ሊሠራ የታቀደው የተለመደው ዓይነት ማጣሪያ ሆነ።

ይህን ቦታ ሄጄ አየሁት። በዋናው ጎዳና ላይ ቁጥቋጦ የበቀለበት ክፍት መሬት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ እዚያው ነው፤ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ይወጣሉ። ስለ ሎስ ኦሶስ የተጻፈውን ከሩቅ ሳነብ ከተማው በሙሉ በእልህ ያበደ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ቆሞ ሲታይ ግን «ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ አታድርጉብን» ያለው ሰው የተናገረው ከንቱ ነገር አይደለም። በቋሚ ጡረታ የሚኖሩ አዛውንት ወርሃዊውን ክፍያ አስበው መደንገጣቸውም እንዲሁ። እኔ የማልቀበለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

በ2005 ቁፋሮው ተጀመረ። በዚያው ዓመት መስከረም ሕዝቡ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ከዲስትሪክቱ አምስት የቦርድ አባላት ሦስቱን ሻረ፤ አዲሶቹ ተመራጮች ሥራውን አስቆሙ። የካሊፎርኒያ ግዛት ሊያበድር የነበረውን ወደ 135 ሚሊዮን ዶላር አቆመ። የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪው ቦርድ የ6.6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ተቋራጮች ከሰሱ። በነሐሴ 2006 ዲስትሪክቱ ኪሳራ አወጀ። አንድ ቤት እንኳ ከቱቦ ጋር ሳይገናኝ ያን ያህል ገንዘብ መሬት ገባ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ደብዳቤው ነበር። ተቆጣጣሪው ቦርድ በ2006 መላውን ከተማ መክሰስ ስላልቻለ በዕጣ 45 ቤቶችን መርጦ ፍሳሽ መልቀቅ እንዲያቆሙ የሚያዝ ጽሑፍ ላከባቸው። አከራዬ ሰባዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። የእሳቸው ቤት አልወጣም፤ ፊት ለፊት ያለው ወጣ። ጎረቤታቸው በሺህ ከሚቆጠር ቤት መሃል ለምን እሱ ብቻ እንደሚቀጣ አልገባውም፤ እሳቸው ተመራጮቹ እንዲሻሩ ድምፅ መስጠታቸውን ደግሞ ያውቃል። ሰላምታ አቋረጡ። «ሲያየኝ የቆሻሻ ዕቃውን እየጎተተ ፊቱን ያዞራል» አሉኝ። አሁን ታርቀዋል፤ ስለ ቱቦ ግን አያወሩም።

ከዚያ ግዛቱ ሕግ አውጥቶ ሥራውን ለካውንቲው ሰጠ። ካውንቲው ብልህ ነገር አደረገ፤ ከመቆፈር በፊት ባለ ንብረቶቹን በፖስታ ጠየቀ። በ2007 በአንድ ቤት ወደ 25 ሺህ ዶላር የሚሆን መዋጮ ሲቀርብላቸው 80 በመቶ ገደማ ድምፅ ደገፈ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ያደከመው ሕዝብ ነው። ጭቅጭቁ አለቀ ማለት ግን አይደለም፤ አሁን በቱቦው ዓይነት ላይ መጣ። ግማሹ ስቴፕ የሚባለውን ፈለገ፦ በየቤቱ አዲስ ታንክ ይቀበራል፣ ደረቁ እዚያው ይቀራል፣ ፈሳሹን ትንሽ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ ይገፋዋል። ጉድጓዱ ጥልቅ አይሆንም፣ መንገድ ብዙ አይቆፈርም። ግን በየሰው ጓሮ ፓምፕ አለ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ታንኩን የሚመጥጥ መኪናም በየጊዜው ይመጣል። ሌላው ወገን ፍሳሹ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚፈስበትን ወፍራም ቱቦ መረጠ። ካውንቲው በዚህኛው ጸና። ዘዴው ቱቦው ተዳፋቱን ሳያጣ እንዲወርድ ይፈልጋል፤ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፣ ውሃ ያፈልቃል። መደገፊያ ብረት እያቆሙ፣ ውሃውን እየመጠጡ ነው የሠሩት። መሬቱ የቹማሽ ሕዝብ ለሺህ ዓመታት የኖረበት ስለሆነ አርኪኦሎጂስቶችም ከቆፋሪዎቹ ጋር ይሄዱ ነበር።

በባሕር ዳር የሚሠራውን ግንባታ የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ ኮሚሽን በ2010 ፈቀደ፣ ቁፋሮው በ2012 ተጀመረ፣ ማጣሪያው በ2016 ሥራ ያዘ። ጠቅላላ ወጪው 180 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው፤ ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው ከፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር ነው፤ እዚያ አገር የገጠር ፍሳሽ ገንዘብ እዚያ ቤት ይገኛል።

ጠዋት አከራዬ ጓሮ ወስደው አሳዩኝ። ሣሩ መሃል አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከቀረው ትንሽ ዝቅ ያለ ቦታ አለ። አሮጌው ታንክ ከሥሩ ነው፦ ተመጠጠ፣ ታችኛው ወለሉ ተበሳ፣ በአሸዋ ተሞላ፣ ተከደነ። አንዳንዶች ታንካቸውን አጽድተው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አድርገውታል፤ እሳቸው «ሐሳቡ ራሱ አስጠላኝ» አሉ። ከቤታቸው እስከ መንገዱ ያለውን መስመር የቆፈረላቸውን ሰው የከፈሉት ከመዋጮው ሌላ ከኪሳቸው ነው። ቤታቸው ከቱቦው ጋር ከመገናኘቱ በፊትም ትንሽ ውሃ የሚያፈስ የሽንት ቤት መቀመጫና የሻወር ራስ ማስገባት ነበረባቸው፤ ኮሚሽኑ ፈቃድ ሲሰጥ 5 ሚሊዮን ዶላር ለውሃ ቁጠባ እንዲውል አስገድዶ ስለነበር ከፊሉ ተደግፎላቸዋል።

ፍሳሽ ከሆነ የውሃ ቁጠባ ምን አገባው ያልኩት እኔም ነኝ። መልሱን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ የብሮደርሰንን ጎዳና ወደ ላይ ስወጣ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቤቶቹ ያልቃሉ፤ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ይቀራል፤ ከዚያ ሰላጤውም ቋጥኙም በሙሉ ይታያል። ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ከታች የተቀበሩ ቱቦዎች አሉ። ከመቃብሩ አጠገብ የተጣራው ውሃ ከተማውን አቋርጦ እዚህ ድረስ በፓምፕ ይወጣና መልሶ ወደ አሸዋው ይሰርጋል።

ለምን ይህ ሁሉ ልፋት? የላይኛው የከርሰ ምድር ውሃ በናይትሬት ሲበላሽ፣ ውሃ አቅራቢዎቹ ጥልቁን ውሃ አብዝተው መሳብ ጀመሩ። ጥልቁ ሲጎድል የባሕር ውሃ ከምዕራብ እየገፋ ገባበት። በአንድ በኩል ደግሞ እነዚያ የተወገዙት ሴፕቲክ ታንኮች፣ ቆሻሻም ቢሆን፣ የተጠቀሙበትን ውሃ ወደ መሬቱ ይመልሱ ነበር። ቱቦው ሲመጣ ያ ውሃ ሊቀር ሆነ። ስለዚህ ፍሳሹን ሰብስቦ ወደ ውቅያኖስ መድፋት እዚህ አይሠራም፤ ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ ወደ ወጣበት መሬት መመለስ ግድ ነው። ስለ ሎስ ኦሶስ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ምርጫውና ስለ ስድቡ ብዙ ይላሉ፤ ለእኔ የሥራው ዋና ነገር ይህ ዳገት ነው፤ የጎበኘውም እኔና ውሻ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበርን።

ለማወዳደር ያህል በነጋታው ወደ ጎረቤቷ ሞሮ ቤይ ተሻገርኩ። እነሱ ድሮውኑ ቱቦ ነበራቸው፤ ማጣሪያቸው ግን ባሕር ዳር ነበር። እዚያው ሊያድሱት ሲሉ ኮሚሽኑ በ2013 ከለከላቸው፤ ከባሕሩ ርቀው አዲስ ሠሩ። ዓሣ በላሁና ተመለስኩ።

ሎስ ኦሶስ ውስጥ ስዞር ደጋግሜ ያየሁት ባዶ ቦታ ነው፤ በሁለት ቤት መሃል፣ እንደ ወለቀ ጥርስ። ባለቤቶቹ ከ1988 ጀምሮ ቱቦውን ጠበቁ። ቱቦው ሲመጣ ውሃው አልበቃም ተባሉ፤ በላዩ ላይ እዚህ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ በሕግ የተጠበቀ ቀንድ አውጣ አለ። በ2024 ኮሚሽኑ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ እንዲገነባ የሚፈቅድ የከተማ ፕላን አጸደቀ። ከአከራዬ ቤት ጎን ያለው መሬት ባለቤት የተራ መዝገብ ላይ ስሙን አስይዟል። ከረጅም ዘመን በኋላ ጎረቤት ቢመጣ ደስ ይላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ሰውዬው ባለ ሁለት ፎቅ ከሠራ ባሕሩን እንደሚጋርድባቸውና ስብሰባው ላይ ተገኝተው እንደሚቃወሙ ነገሩኝ።