የሥዕሉ ጀርባ

የደሴው ጦሳ ተራራ ዛሬ አልታየም። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ፒያሳ ላይ ወርዶ ተኝቷል። ለከተማችን ሠዓሊዎች ዐውደ ርዕይ የመጡት ሥዕሎች ገና አልተሰቀሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አዳራሹ ዙሪያ ተደርድረዋል። ስለ አሰቃቀላቸው ልጽፍ ነበር ያሰብኩት፣ ዓይኔ ግን ጀርባቸው ላይ ቀረ።

ሰው ሥዕል የሚገዛው ፊቱን አይቶ ነው። ስንት ዓመት እንደሚቆይለት ግን የሚነግረው ጀርባው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያሳየው የለም።

እንጨቱን እንውሰድ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየሰፈሩም ይገኛል፤ እርጥብ ሳለ ከተሠራበት ግን ይጣመማል። ሲደርቅ አንዱ ጥግ ከግድግዳው ብድግ ይላል፣ ያኔ ምንም ያህል ሚስማር ቢመቱበት አይመለስም። የፈረንጅ ጽድ ይሻላል፣ እሱም ጥላ ውስጥ ቆይቶ ከደረቀ ነው። ለመካከለኛ ሥዕል 5 ሳንቲሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል። አንዱ ጎን ከ80 ሳንቲሜትር ካለፈ መሃሉን የሚይዝ ማገር ይጨመርለታል። ፍሬሙ መዛነፉን ለማወቅ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር መለካት ነው፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልመጡ ጨርቁ ከመወጠሩ በፊት ይስተካከል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የውስጠኛው ጠርዝ ሳይላግ መቅረቱ ነው። ጨርቁ እንጨቱን መንካት ያለበት በውጭው ጠርዝ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ እየሸሸ ካልተላገ ብሩሹ በተጫነ ቁጥር ጨርቁ እንጨቱ ላይ ያርፍና በሥዕሉ ፊት ዙሪያውን ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። ስንት ያማረ ሰማይ በዚህ መስመር ተበላሽቷል!

ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ አቡጀዲ ነው፤ ሸራ ውድ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። አቡጀዲ በደንብ ከተዘጋጀ ያገለግላል። የፋብሪካው ስታርች እንዲለቀው አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል። ሲወጠር ከአራቱም ጎን መሃል ተጀምሮ ግራና ቀኝ እየተባለ ወደ ጥግ ይኬዳል፤ ጥጉ መጨረሻ ነው። ከጥግ የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ የማይፈታ መጨማደድ ያተርፋል። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ኮላ አንድ እጅ ይቀባል፣ ሲደርቅ ቀለሙ የሚያርፍበት ነጩ መደብ ሁለት እጅ፣ በመሃሉም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ኮላው ከተዘለለ መደቡ በክሩ መሃል አልፎ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ዛሬ ከተደረደሩት በጥቂቶቹ ላይ ይታያል። ነጠብጣቡ ራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ነጩ ያለፈበት ቀዳዳ ለቀለሙ ዘይትም መንገድ መሆኑ ነው። የተልባ ዘይት ጨርቁን ከነካው ከዓመታት በኋላ ያደርቀዋል፣ ሲነኩትም ይሰነጠቃል። ስቱኮ በወፍራሙ የሚለቀልቁም አሉ። ግድግዳ ላይ ጥሩ ነው፣ ግድግዳ አይታጠፍማ። ጨርቅ ላይ ግን ከጀርባ የአንድ ሰው ክርን ሲነካው ፊቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል።

ከኮምቦልቻ የሚመጡት የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መንገዱ 25 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆንም በከፍታ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ነው የሚወጣው። እዚያ ሙቀት ላይ ጥብቅ ብሎ የተወጠረ ጨርቅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የደሴ ጉም ውስጥ ሲገባ ላላ ይላል። ሠዓሊው ይደነግጣል፣ አንዱም ሮጦ ሚስማር ያመጣል። ተዉት። ሁለት ቀን አዳራሹ ውስጥ ይረፍ። ከዚያም ካልተመለሰ ጥጎቹ ላይ ያሉት፣ ፍሬሙን ገፍተው ጨርቁን የሚያጠብቁት ሽብልቆች በቀስታ መታ መታ ይደረጋሉ። ጥጉ በሚስማር የተቸነከረ ከሆነ ግን ሽብልቅ ማስገቢያ የለውም፤ የአንዱን ጎን ጨርቅ ነቅሎ እንደገና መወጠር ነው ያለው አማራጭ።

በሚኒባስ የሚጫኑት ፊት ለፊት ተገጣጥመው በአራቱ ጥግ የካርቶን ቁራጭ ይግባላቸው፣ ፊታቸው እንዳይነካካ። የዘይት ቀለም በጣት ሲነኩት ደረቀ ማለት ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም፤ ወፍራም ከሆነ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ፕላስቲክ በቀጥታ ከተጠቀለለበት ይጣበቅበታል፣ ሲላጥም ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

አሰቃቀሉን ቶሎ ልበል፣ ለሱ ነበርና የጀመርኩት። የሥዕሉ መሃል ከወለል 150 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፤ የተማሪ ጉብኝት ከበዛ 145። ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር የሆነ ሥዕል ሽቦው ወደ ላይ ሲሳብ ከላይኛው ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ 150 ሲደመር የቁመቱ ግማሽ 40 ሲቀነስ 10፣ ሚስማሩ 180 ላይ ይመታል። የሽቦው ቀለበቶች ከላይ ሲሦው ላይ ይሁኑ፤ ወደ ታች ከወረዱ ሥዕሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። እርጥበት በሚይዝ ግድግዳ ላይ በታችኞቹ ጥጎች ጀርባ ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች ይለጠፉ፣ አየር እንዲያልፍ። አለበለዚያ ክረምቱ ሲወጣ ጀርባው ሻጋታ ነው።

ግን ልቤን የያዘው ይህ ሁሉ አይደለም። ከተደረደሩት ጀርባዎች ብዙዎቹ ምንም ጽሑፍ የለባቸውም።

ፊቱ ላይ ፊርማ አለ እንላለን። ፊርማው አንድ ስም ነው፣ አንዳንዱም በላቲን ፊደል ተጠቅልሎ የማይነበብ። ደሴ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ? ከስሙ አጠገብ 2010 ተብሎ ይጻፋል። በኛ ነው በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ አንድ ሠዓሊ በዚህን ያህል ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። “ዓ.ም.” ብሎ ለመጨመር ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ያሠራው ሰው ከግርጌ ተደፍቶ ይታያል፣ ስሙም ተጽፎለታል። የሣለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የለም። ያ በትሕትና ነው፣ ይገባኛል። የዛሬው ሠዓሊ ግን ስሙ እንዲታወቅ ፈልጎ፣ ለዐውደ ርዕዩ ምርቃት ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ፣ ከዚያ ጀርባውን ባዶ መተዉ ምን ይባላል?

የሚጻፈው እንጨቱ ላይ ነው፣ በእርሳስ። ጨርቁ ላይ በማርከር ከተጻፈ ቀለሙ ዓመት ቆይቶ ወደ ፊት ይዘልቃል፤ በእስክሪብቶ ከተጫኑት ደግሞ ጭረቱ ከፊት በኩል ይታያል። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሥዕሉ ርዕስ፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የተሣለበት ከተማ፣ ቁመትና ስፋት፣ ቁመቱ ቀድሞ። ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ መደቡ በምን እንደተሠራ፣ ቀለሙ ዘይት ይሁን አክሪሊክ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደሆነና በየትኛው ወር። ሥዕሉ ረቂቅ (አብስትራክት) ከሆነ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት። ነገ የሚያድሰው ሰው በአኳራጅ፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛ፣ ይጥረገው አይጥረገው የሚወስነው ይህን አንብቦ ነው። ዋጋ ግን አይጻፍበት፤ ዋጋ ይለወጣል፣ በስጦታ የተቀበለውንም ሰው ያሳፍራል።

ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ በደብተር መገልበጥ አለበት፣ ከነፎቶው፣ ፊትም ጀርባም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን። የጠፋ ዕቃ አንድ ቀን ገበያ ላይ ብቅ ቢል “የኛ ነው” ለማለት መለኪያውና ፎቶው በእጅ መኖር አለበት። የሠፈር ሠዓሊ ሥራ ሙዚየም ባይገባም ያው ነው። አንዱ ሳሎን ይሰቀላል፣ አንዱ ለሠርግ ይሰጣል፣ አንዱ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሌላው ከሻንጣ ጋር ከአገር ይወጣል። ከ20 ዓመት በኋላ ሠዓሊው የሥራዎቹን ዐውደ ርዕይ ላዘጋጅ ቢል ከማን ይዋሳል?

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ደብተሩ የገዢውን ስምና ስልክ ካልያዘ ሥዕሉን ተከትሎ አይሄድም። ከያዘ ደግሞ ገዢው አይወድም፤ ቤቱ ያለው ነገር እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ፣ እውነቱንም ነው። ሠዓሊው ራሱ ይያዘው ቢባል ሠዓሊ ቤት ይቀይራል፣ ይሞታልም። ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ቢባል ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ለሁለት ከፍሎ፣ የሥዕሉን ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጎ የገዢውን ስም ለብቻ ማሸግ ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ታዲያ የታሸገውን ማን ይያዘው? እናንተስ ለማን ትሰጡት ነበር?