ጋኑን ምን እናድርገው?

ጠዋት ወንድሜ «ጋኑን ምን እናድርገው?» ብሎ ጻፈልኝ። የአያቴ ቤት ሊለቀቅ ነው። መልስ ከመስጠት ኮት ለብሶ መውጣት ቀለለኝ። ደግሞ እሁድ ነው፤ የሞንትሪያል ሰማይ አመድ መስሏል።

እግሬ ኖትርዳም መንገድ ወሰደኝ፣ የሞልሰን አሮጌ ቢራ ፋብሪካ ጋ። ጠመቃው ወንዙን ተሻግሮ ሎንጌይ ገብቷል፤ እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አሁንም አየሩን አሸታለሁ። እዚህ አገር እንደመጣሁ አውቶቡስ ስጠብቅ የብቅሉ ሽታ ያስለቅሰኝ ነበር። ጌሾ ብቻ የጎደለው የአያቴ ጓዳ!

ጆን ሞልሰን በ1782 (እንደ ፈረንጆቹ ነው) ከእንግሊዝ ሲመጣ የ18 ዓመት ወላጅ አልባ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የራሱን ጠመቃ ጀመረ። ከዚያማ ቢራው የማይወልደው ነገር ጠፋ። በ1809 የእንፋሎት መርከብ፣ በልጆቹ ዘመን ባንክ። ከዘሮቹ አንዱ ታይታኒክ ላይ ቀረ። ሌላው በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነት ሞተ፤ እዚህ ስታዲየም በስሙ ይጠራል።

የሆኪ ቡድናችን ባለድርሻ ጂኦፍ ሞልሰን ሰባተኛ ትውልድ ነው። ሰባት ቤት! እየሄድኩ በጣቴ ቆጠርኩለት፦ ጂኦፍ፣ ኤሪክ፣ ቶም፣ ኸርበርት፣ ጆን ቶማስ፣ ቶማስ፣ ጆን። አንድም አልተደናቀፍኩም። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሚስት መጠየቅ ይችላል።

ሣራስ? ሣራ ቮን ለመጀመሪያው ጆን ሦስት ወንዶች ወልዳለታለች። ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው በ1801 ነው፤ የበኩር ልጃቸው ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሠርጉ ላይ ሳይታዘባቸው አይቀርም። ሰባት ቤት ስቆጥር ግን እሷን የማነሳበት ቦታ የለም፤ ቆጠራው አባት ለአባት ነው የሚዘለው።

ወደ ራሴ ዞርኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። «አባ» የሚባል ሰው እንደነበር አስታውሳለሁ፣ አባ ማን እንደሆነ ግን እንጃ። ይኸም የአባቴ መስመር ነው። በደጇ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ፣ ጋኑን በወይራ አጥና፣ አምስት ልጅ በጠላ ያሳደገችው አያቴ እዚህ ውስጥ የለችም፤ የእናቴ እናት ናታ። ሰፈሩ ሁሉ ጠላውን የሚጠራው በእሷ ስም ነበር። «ከእትዬ ጋ እንሂድ» ካሉ አለቀ፣ የትኛዋ እትዬ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እንግዲህ ስሟ ራሱ «እትዬ» ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የእሷ እናትስ? ጠመቃውን ያስተማረቻት እሷ መሆን አለባት። ወይስ አክስቷ ነበረች?

ቤት ስገባ ስልኬ ላይ አራት መልእክት ተደርድሯል። «አንገቱ ተሸርፏል»፣ «የሚወስደው ሰው መጥቷል»፣ «ልስጠው?»፣ «ኧረ መልሺ!»

እኔም ቶሎ ብዬ «የእትዬ እናት ስሟ ማን ነበር?» ብዬ ላክሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለኝ።