ወረቀቱ ያለው ሌላ፣ ሲስተሙ ያሰላው ሌላ

የሥራ መደቤ መጠሪያ ፕሮግራመር አናሊስት ነው። ደረጃው መካከለኛ፤ ከጀማሪ በላይ፣ ከከፍተኛ ባለሙያ በታች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ቦታ ምን እንደሆነ ያልሠራበት ሰው አይገባውም። ጀማሪው የተነገረውን ይጽፋል፣ ከፍተኛው ስብሰባ ይቀመጣል፣ መካከለኛዋን ደግሞ ሁለቱም «ይሄን አንቺ አጣርተሽ ንገሪን» ይሏታል። ኮድ ከጻፍኩበት ጊዜ ይልቅ በመዝገብ ቤት፣ በሰው ሀብትና በፋይናንስ መካከል ስመላለስ ያሳለፍኩት ይበልጣል። አልከፋኝም፤ ሥራው እዚያ ነው ያለው።

የተሰጠኝ ሥራ አዲስ አበባ ያለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ማህደር ከወረቀትና ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ማዛወር፣ በዚያም ላይ የደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና የጡረታ ስሌት መገንባት ነበር። ቢጋሩ (የሥራው ዝርዝር የተሰጠበት ሰነድ) «ዘመናዊ፣ ፈጣንና ቀልጣፋ ሲስተም እንዲለማ» ይላል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ወደ ኮድ የሚቀየር አንድም ቃል ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ቢጋሩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ።

የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ማህደር ከላይ ከፍቼ ሳነብ አይተው «ልጄ፣ ከሥር ጀምሪ እንጂ። የላዩ ደብዳቤ እኮ የታችኛውን እየጠቀሰ ነው የሚናገረው» አሉኝ። ከሥር ስጀምር የቅጥር ደብዳቤው ይገኛል፣ ከዚያ የሕይወት ታሪክ ቅጹ፣ ከዚያ ዝውውሩ፣ የደረጃ እድገቱ፣ የእርከን ጭማሪው። በዚህ ቅደም ተከተል ሳነብ አንድ ሰው በቅጥር ደብዳቤው ኃይለ ሥላሴ፣ በዝውውሩ ኃ/ሥላሴ፣ በደመወዝ መክፈያው ሀይለስላሴ ሆኖ አገኘሁት። ልደቱም አንዱ ላይ ዓመት ብቻ፣ ሌላው ላይ ቀንና ወር ያለው ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ መወሰን የእኔ ሥልጣን አይደለም። የዳታቤዙን ንድፍ የመሠረትኩት በዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ የሚለው እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጣል፣ እኛ ያሰላነው ወይም ያስተካከልነው በሌላ ዓምድ። ሁለቱ አይደባለቁም፣ አንዱም ሌላውን አያጠፋም። ብዙው ነገር ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።

ቀኑን ልጀምር፣ ብዙ ፕሮግራመር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ዳታቤዝ ውስጥ ቀን የሚከተትበት የዓምድ ዓይነት የተሠራው ለፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ልክተትበት ካልክ ጥቅምት 30 ላይ ይይዝሃል፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ሲስተሙ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 29 ደግሞ አንዳንድ ዓመት ያልፋል፣ አንዳንድ ዓመት አያልፍም፤ ይሄኛው ይብሳል፣ በሙከራ ጊዜ ላይታይ ይችላልና። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ጨርሶ አይገባም። «እንግዲያውስ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ለውጠን እናስቀምጥ» የሚለው መፍትሔ ሙሉ ቀን ላለው ይሠራል። ዓመት ብቻ ላለው ግን አይሠራም። «1965 ዓ.ም» ብቻ የተባለ ሰው በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 1972 እስከ ሴፕቴምበር 1973 ባለው ጊዜ የተወለደ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው የኤክሴል ሰነድ እንዲህ ያሉትን ሁሉ ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞልቷቸዋል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ግማሹ ታኅሣሥ 23 የተወለደ ይመስላል፣ በዘመነ ዮሐንስ የተወለዱት ደግሞ ታኅሣሥ 22። የልደት ድግሱን አንድ ላይ ቢያደርጉት ብዬ ስቄአለሁ፤ ነገር ግን ጡረታ 60 ዓመት ሲሞላ ስለሆነ ጥቂት ወራት የአንድ ሰው ደመወዝ ናቸው።

ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ሆኑ፤ ወርና ቀን ባዶ መሆን ይችላሉ። ለማነጻጸርና በቅደም ተከተል ለመደርደር ብቻ የሚያገለግል የፈረንጅ ቀን በአራተኛ ዓምድ ይሰላል። ጳጉሜን 6 የሚቀበለው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው፤ 2011 እንዲያ ነበር፣ 2015ም እንዲሁ። ይህችን መስመር ካልጻፋችሁ ተጠቃሚው ጳጉሜን 6 ቀን 2012 ብሎ ይመዘግብና የሌለ ቀን ይኖራችኋል።

ስሙ ከቀኑ ይከብዳል። ተገዝተው የሚመጡ ሲስተሞች የአባት ስምን «የቤተሰብ ስም» ብለው ይይዙና ባልና ሚስትን፣ ወንድምና እህትን ለማገናኘት ይሞክራሉ። እኛ ጋ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት እኩል ዓምዶች ናቸው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ፍለጋው ነው። ሐና፣ ሀና፣ ሃና ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት መለያ ሥርዓት ቅደም ተከተልም ሐ የሚመጣው ከለ በኋላ፣ ኀ ደግሞ ከተና ከቸ በኋላ ነው። እኔ ያደረግሁት ለእያንዳንዱ ስም ሰው የማያየው የመፈለጊያ ቁልፍ ማበጀት ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይጠቃለላሉ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃ፣ እንዲሁም ኣ እና ዓ ከግዕዛቸው ጋር አንድ ይሆናሉ፤ ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብ ይወጣሉ። የተጻፈው ስም ግን አይነካም። ፀሐይ ብላ የፈረመች ሴት ደብዳቤዋ ላይ ጸሀይ ብለን ብንጽፍ ባንክ ቤት የምትጉላላው እሷ ናት።

ምሕጻረ ቃሉ ላይ ቆም አልኩ። ገ/ ገብረ ነው፣ ተ/ ተክለ ነው፣ ኃ/ ኃይለ ነው ብሎ መዘርዘር ይቻላል። ወ/ ግን ወልደም ወለተም ይሆናል፣ ፊደል ጸሐፊው ከተሳሳተም ከወ/ሮ የተቆረጠ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ እንዲወስን አልተውኩትም። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ ጥንዱን ለእትዬ ያቀርባል፤ እሳቸው ማህደሩን አይተው ያጸድቃሉ ወይም ይለያሉ። በሦስቱም ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሠራተኞች እውነትም ነበሩን፤ አንዷ ጽዳት፣ አንዷ ሒሳብ ክፍል።

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ሥለው የሚያሳዩ ናቸው። ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ሲገለበጥ ፎንቱ ይቀራል፣ የሚመጣው የላቲን ቅራቅንቦ ብቻ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ ከመገልበጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሕዋስ የፎንት ስም አብራችሁ አውጡ። እሱ ከሌለ የትኛውን የመለወጫ ሠንጠረዥ እንደምትጠቀሙ አታውቁም፤ አንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፎንት መገኘቱ የተለመደ ነው።

ደመወዝ ላይ ስደርስ የሠራሁት በጥያቄ ብዛት ነው። አንድ ሰው ጳጉሜን 3 ሥራ ቢጀምር ለጳጉሜን ምን ይከፈለዋል? ደመወዝ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። ሰው ሀብት አንድ መልስ ሰጠኝ፣ ፋይናንስ ሌላ፤ ሁለቱም «ይሄማ ግልጽ ነው» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ሲሆን መሐል ገብቼ አልዳኘሁም። ሁለቱን መልሶች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ፣ በእያንዳንዱ ስሌት ስንት ብር እንደሚመጣ አሳየሁ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ለዳይሬክተሩ መራሁት። «በቃል ተነግሮኝ ነው» የሚለው መልስ ኦዲተር ሲመጣ አያድንም። የቃለ ጉባኤውን ቁጥር ኮዱ ውስጥ ስሌቱን የማይነካ ማስታወሻ አድርጌ ከስሌቱ መስመር በላይ ጻፍኩት፤ ይህን ልማድ ለማንም እመክራለሁ።

ግብሩ ቀላል ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እስከ 600 ብር ነጻ ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ደመወዙ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነስለታል። ኤክሴሉ ይህን ሁሉ እርስ በርሱ በተጠላለፈ ቀመር ጽፎታል። እኔ እያንዳንዱን እርከን «ከመቼ ጀምሮ» እና «እስከ መቼ» ከሚሉ ዓምዶች ጋር በሠንጠረዥ አስቀመጥኩት። ጡረታውም እንዲሁ፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመንግሥት 11 በመቶ፣ ከነቀኑ። ጊዜው ደርሶ በ2017 አዲሱ ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን ወደ 2,000 ብር ሲያነሳ ኮድ አልነካሁም፤ አዲስ መስመሮች አስገባን፣ ያለፉት ወራት በድሮው እንደተሰሉ ቀሩ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈል ውዝፍ ሲመጣም የወሩን ልክ ራሱ ይፈልጋል።

ሲስተሙ ሲያልቅ ኤክሴሉን ወዲያው አላስቆምኩም፤ ጎን ለጎን ሄዱ። ልዩነት በተገኘ ቁጥር እኛ ነን የተሳሳትነው ማለት አይደለም፣ እነሱም ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ልዩነት የሳንቲም ማጠጋጋት ነበር። ሌላው ግን የሚገርም ነው፤ የአንድ ሠራተኛ የተጣራ ክፍያ ከቀመር የወጣ ሳይሆን በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ ሠራተኛውን ብጠይቀው «እሱ የፍርድ ቤት ቀለብ አለበት እኮ» አለኝ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ። ቢጋሩ ላይ የለም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ እድሩ፣ ቁጠባና ብድሩ፣ የአልባሳት ተቀናሹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ተጠቃሚን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ የሚሠራበትን ሰነድ ከፍቶ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ማለት ነው የሚያዋጣው።

ቀሪው ሰውን የመያዝ ሥራ ነው። የዳታቤዙ ቁልፍ እኔ ጋ እንዳለ ከታወቀ በኋላ «እንደው ይቺን ልደት አስተካክይልኝ» የሚሉ መጡ። አንዳንዱ እውነቱን ነው። ለጡረታ የሚያዘው ግን መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበው ነው፤ ያንን ዓምድ እኔ ብነካው ማህደሩና ሲስተሙ ይጣላሉ፣ ማን እንደነካውም ይታወቃል። እንቢ እያልኩ ከሰው መቀያየሙ ስላላማረኝ እንቢታውን ለሲስተሙ ሰጠሁት። የትኛውም ለውጥ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ካልተሞላበት አይቀመጥም፤ አሮጌው መረጃ አይጠፋም፤ ማን መቼ እንደለወጠው ይመዘገባል፣ እኔም ጭምር። አሁን ሰው ሲመጣ ስክሪኑን አዙሬ አሳየዋለሁ፣ ወደ ሰው ሀብት ይሄዳል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያው ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ «ፋይዳ ቁጥር ካስገባን የስሙ ጣጣ ያልቃል» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ዓምዱን ጨምሬያለሁ። በሥራ ላይ ላሉት በእርግጥ ይረዳል። ሳይመዘገቡ በሞት ለተለዩትና ወራሾቻቸው ለጡረታ ለሚጠይቁት ግን ቁጥር የለም፣ ያለው ማህደር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመፈለጊያ ቁልፉ እዚያው ይቆያል፣ ያልተወሰኑት ወ/ዎችም በእትዬ ዝርዝር ላይ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።